ዝሆኔና እግር ማጠብ

የተወደዳችሁ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣

በደጋው አገራችን በብዛት የሚታየው ዝሆኔ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው የሚታመመው ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ እንጂ ስለሚጋባ አይደለም።

ያነጋገርናቸው አንዲት እናት ግን ሰው እንዳይጸየፋቸው ከቅጽር ውጭ ቆመው እንደሚያስቀድሱ፣ የልጃቸውም እጮኝነት በእርሳቸው ሕመም ምክንያት እንደፈረሰ ነግረውናል።

እግርን ዕለት ዕለት በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ አድርቆ ቅባት መቀባት፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ይህን በዐውደ ምሕረት እናስተምር፤ ሕሙማኑን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ። በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር ሲፈጸምም አስቀድመን እነርሱን እንጥራ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።