መንዝ ላይ ለሚያድር መንገደኛ የተጻፈ ማሳሰቢያ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሁለት በሦስት ቀን ደሴን ወይም ላሊበላን አይቶ የሚመለስ ሰው ሰሜን ሸዋን የሚያውቀው በመኪና መስኮት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ ይበላል፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ይገጥመዋል፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መንዝዋ መሐል ሜዳ የሚዘልቀው ጥቂት ነው። በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ የሚያድረው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ይህ ማሳሰቢያ ለእነዚህ ጥቂቶች ነው። ደጋው እንግዳ ይወዳል፤ ቢሆንም ማንም መጥቶ የሚዝናናበት ባለቤት የሌለው ሜዳ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድማችሁ መንገዱን ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ሰሜን ሸዋንም አግኝቷል፤ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። አዲስ አበባ የተቀመጠ ወዳጅ ከሚነግራችሁ ይልቅ በዚያው ቀን ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የገባ ሾፌር የሚለውን ስሙ። «አትምጡ» ካሏችሁ ቅሩ። ለእናንተ የሁለት ቀን ሽርሽር ነው፤ ለተቀባያችሁ ግን እናንተን ከሸኘ በኋላም የሚኖርበት ቀዬ ነው። ከደረሳችሁ በኋላም ባለቤቱን ስለ ታጣቂም ስለ መንግሥትም አትጠይቁት፤ ፊቱንና ቤቱን በስልክ አንስታችሁ በየማኅበራዊ ሚዲያው አትበትኑ።

በቀን ግቡ። የጣርማ በር ጉም ከሰዓት በኋላ ሲወርድ ከፊት ያለ መኪና አይታይም፤ የጀማ ቁልቁለት ጠመዝማዛም በጨለማ የሚደፈር አይደለም። በደብረ ብርሃን የምታልፉ ከሆነ ነዳጅ እዚያ ሙሉ። መንገዱ ላይ የሚገጥማችሁን የበግ መንጋ በጥሩምባ አትበትኑት፣ ቆማችሁ አሳልፉት።

ልብስ ደርቡ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል።

የእንግዳ ማደሪያ የተዘጋጀበት ቦታ ካለ እዚያ እደሩ፤ መንዝ ጌራ ምድር ውስጥ ያለው የጓሳ ማኅበረሰብ ሎጅ ዋናው ነው። ይህን የምለው ለምቾት ብዬ አይደለም። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚነሳ ሰፊ የሣር ደጋ ነው። እስከ ዛሬ ሣር ሆኖ የቆየው የአካባቢው ገበሬዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሕግ ስለጠበቁት ነው። ሕጉን ቀሮ ይሉት ነበር። አስቦና ጌራ ከሚባሉ ቀደምት አባቶች የሚወለዱ ባለመብቶች አለቃ ይመርጡ ነበር፤ አለቃው ደጋውን ይዘጋ ነበር። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ድረስ ማንም ሣር አያጭድም፣ ከብት አያሰማራም ነበር። ሲከፈት ለክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ ሁሉም ይጠቀም ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም መሠረቱ ተናጋ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን ጨርሶ አልተወውም፤ በኮሚቴ ተደራጅቶ መልሶ አቆመው። እንግዲህ በገዛ ሣሩ ላይ እንዲህ የጨከነ ሕዝብ ዘንድ ሄዶ ደንብ የሚጥስ እንግዳ ምን ይባላል? የምትከፍሉት የማደሪያና የአስጎብኚ ገንዘብ ጥበቃውን ያግዛል፤ ስለዚህ ሳትከፍሉ በጓሮ በኩል አትግቡ፣ ከመንገድ ውጭ መኪና አትንዱ፣ ለድንኳን ብላችሁ ሣር አትጨዱ፣ ለእሳት ብላችሁ ቁጥቋጦ አትቁረጡ። ምግብ ይኖር እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስንቅ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ጓሳ ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ የቀረውም በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ደጋግሞ ፈጅቶታል፤ በሽታውን የሚያመጡበት የቤት ውሾች ናቸው። ለጭላዳ ዝንጀሮም ዳቦ አትወርውሩ። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዕለት ወደ ገብሱ ማሳ ይወርዳል፣ ዕዳውም የገበሬው ይሆናል። ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ከመንጋው መሐል ቀበሮ አይጥ ሲያድን ታዩ ይሆናል፤ እዚያ ደጋ ላይ ሁለቱ ተላምደው ይውላሉ።

ሎጅ በሌለበት ቢመሽባችሁስ? ደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ላለ ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል መልስ ዛሬም አለ። ይህን ደግነት ግን ነጻ ሆቴል አታድርጉት። ይመሽብናል ብላችሁ አስባችሁበት አትሂዱ። ከገባችሁ በኋላ የሚቀርበውን ብሉ፤ ረቡዕ፣ ዓርብና በሁዳዴ ዶሮ ወይም እንቁላል አትጠይቁ። በግ ሊያርዱላችሁ ሲነሱ አጥብቃችሁ እምቢ በሉ፤ ያ በግ የማዳበሪያ ወይም የልጅ ደብተር መግዣ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌውን አንተ አትበሉ። መደቡ ከተለቀቀላችሁ የቤቱ ልጆች የት እንደሚተኙ ተመልከቱ፤ የመኝታ ከረጢት ከያዛችሁ መሬት ላይ መተኛት የእናንተ ይሁን። ማዕድ ላይ ብር አውጥታችሁ አትቁጠሩ፣ ባለቤቱን ያሳፍረዋል። ቡና፣ ስኳርና ሳሙና ይዛችሁ ብትገቡ ያምራል፤ ገንዘቡን ጠዋት ስትሰናበቱ ለእማወራዋ በእጇ ስጡ፣ ለልጆች ግን በየመንገዱ ብርም ከረሜላም አትበትኑ። መስጠት ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ከከተማ የመጣ እንግዳ የድንጋይ ግድግዳና የጓሳ ሣር ክዳን ያለውን ቤት ፎቶ አንስቶ ሲያበቃ ባለቤቱን «ቆርቆሮ እንዳታለብሰው፣ ውበቱ ይጠፋል» ይለዋል። እንዲህ አትበሉ። ክዳኑን በየጊዜው የሚያድሰው፣ ክረምት የሚያንጠባጥብበት እሱ ነው፤ ቆርቆሮ ከመረጠ መብቱ ነው። ለዓይናችን ብለን ሰው በችግሩ እንዲቆይ መመኘት ነውር ነው። ውበቱ እንዲቆይ ከልብ የሚፈልግ ሰው የመንዝን ባና ይግዛ። ባና የብዙ በግ ጠጉር ተሸልቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ የሚወጣ ነው፤ ከሸማኔው እጅ ግዙት፣ ዋጋውንም እስከ ግማሽ አትከራከሩበት።

ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ አውልቁ፣ ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቅዳሴ ላይ ካሜራ አታውጡ። ዋሻ ባለባቸው ገዳማት፣ ለምሳሌ አርባራ መድኃኔዓለም፣ አፅም ባለበት ቦታ መነኮሳቱ የሚሏችሁን ብቻ አድርጉ። ከምንጭ ስትቀዱ ከቀጂዎቹ ሴቶች ኋላ ተሰለፉ፣ ምንጩ አጠገብ በሳሙና አትታጠቡ። የውሃ ጠርሙሳችሁን ወደ ከተማ መልሱት፤ መንደሩ ቆሻሻ የሚወስድ መኪና የለውም።

ያልጣማችሁ ነገር ካለ፣ ብርዱም ይሁን መኝታው ወይም ዋጋው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሎጁን ለሚያስተዳድሩት ወይም ለአስጎብኚያችሁ በፊታቸው ንገሯቸው፤ ሊያስተካክሉት የሚችሉት እነሱ ናቸው።