«ዝናብ ጠፋ» ማለት ብቻ አይበቃም፦ ከአብያታ ሐይቅ የምንማረው

ስለ አካባቢ ጉዳይ የሚሠሩ ዜናዎችን ስንከታተል አንድ ነገር ደጋግመን እናያለን። ሐይቅ ሲሸሽ፣ ወንዝ ሲነጥፍ፣ ወፍ ሲሰደድ ምክንያቱ በአንድ መስመር ይዘጋል፤ «የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው» ይባልና አለቀ። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ሙሉ ግን አይደለም። በዚህች አጭር ጽሑፍ የአብያታን ሐይቅ ምሳሌ አድርጌ የሰው እጅና የአየሩ ጠባይ እንዴት ተጋግዘው ውሃን እንደሚያሸሹ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንይ። አብያታ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከዝዋይ (ደንበል)፣ ከላንጋኖና ከሻላ ጋር ተጎራብቶ ይገኛል። በአርሲና በጉራጌ ደጋማ ቦታዎች የሚጥለው ዝናብ በቀታርና በመቂ ወንዞች ወደ ዝዋይ ይገባል። ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። ከላንጋኖም የሆራ ቀሎ ወንዝ የድርሻውን ያመጣል። ከአብያታ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንግዲህ አብያታ ከማዕዱ መጨረሻ ላይ እንደተቀመጠ እንግዳ ነው ማለት ይቻላል፤ ከፊቱ ያሉት ሁሉ ከቆረሱ በኋላ የተረፈውን ነው የሚያገኘው።

በዚያ ላይ አካባቢው ቆላ ነው። በዓመት በትነት የሚሄደው ውሃ ከሚጥለው ዝናብ በእጥፍ ይበልጣል። ሐይቁም ጥልቅ አይደለም። ጎረቤቱ ሻላ እስከ 266 ሜትር ሲጠልቅ፣ የአብያታ ጥልቀት ድሮ ሞልቶ በነበረበት ጊዜ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም ነበር። ስለዚህ ውሃው አንድ ሜትር ሲቀንስ ዳርቻው በጣም ርቆ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ስፋቱ፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

ታዲያ ይህን ያደረገው ማነው? ከላይ እንጀምር። በመቂና በዝዋይ ዙሪያ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን በመስኖ ይለማል። ከ2000ዎቹ ወዲህ ትልልቅ የአበባ እርሻዎችም ተጨምረዋል። ይህ ሁሉ ውሃ የሚቀዳው ወደ ቡልቡላ ይወርድ ከነበረው ላይ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሶዳ አሽ ለማምረት ከራሱ ከአብያታ ውሃ እየተሳበ በገንዳ ላይ እንዲተን ተደርጓል። በፓርኩ ውስጥና በዙሪያው የነበረው ግራርም ለከሰልና ለእርሻ ተመንጥሯል። ዛፍ በሌለበት መሬት ላይ የጣለ ዝናብ ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ አፈሩን ጠርጎ ደለል ይዞ ይወርዳል።

የአየሩስ ድርሻ? እሱም አለ። ከሺዎች ዓመታት በፊት፣ ዝናብ በበዛበት ዘመን፣ አራቱ ሐይቆች አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። የለያያቸው ሞተር ወይም ፋብሪካ አይደለም፤ የአየር ጠባይ መለወጥ ነው። አሁንም ሙቀቱ ሲጨምር ትነቱ ይጨምራል። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ሁለቱ ምክንያቶች ተለያይተው የማይሄዱ መሆናቸውን ነው። ዝናብ ያጠረ ዓመት ማለት ሰው አብዝቶ የሚስብበት ዓመት ማለት ነው። ሰማዩ ሲነፍግ ሞተሩ ይበረታል፤ ሐይቁ በሁለት በኩል ይመታል።

ውሃው ሲቀንስ ጨው አብሮ አይተንም፤ እዚያው ይከማቻል። ጨው ሲበዛ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ መኖር አልቻለም። ፔሊካን የሚባለው ትልቅ ነጭ ወፍ ደግሞ ጎጆውን የሚሠራው በሻላ ደሴት ላይ፣ ምግቡን የሚያጠምደው ግን ከአብያታ ነበር። ዓሣው ሲያልቅ ወፉም ሌላ ሐይቅ ፍለጋ ሄደ። ዝዋይ ላይ የተከፈተ ቧንቧ ሻላ ላይ ያለ ጎጆ ያፈርሳል ብሎ ማን ይገምታል?

ይህን ስጽፍ ጥፋቱን በአንድ ወገን ላይ ለመጣል አይደለም። እኔ ራሴ ያደግሁት መቂ ነው። አጎቴ ሽንኩርት የሚያለማው ውሃ በሞተር እየሳበ ነው፤ ደብተርና የትራንስፖርት ገንዘብ የሚልክልኝም ከዚያው ሽያጭ ነው። «ውሃ አትሳብ» ብለው «አንቺስ በምን ትማሪያለሽ?» ቢለኝ መልስ የለኝም። ግን አጎቴ ስንት ሰዓት እንደሚስብ፣ ሌላው ስንት እንደሚስብ፣ ለቡልቡላ ምን ያህል መቅረት እንዳለበት የሚታወቅበትና የሚከበር ደንብ ቢኖር እሱም ይጠቀማል። ዝዋይ ከቀነሰ የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ነውና።

የጋዜጠኛ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «በድርቅ ምክንያት» ብለን ስንዘጋው ተጠያቂው ሰማይ ይሆናል፤ ሰማይን ደግሞ ቃለ መጠይቅ ማድረግ አይቻልም። «በገበሬው ምክንያት» ስንልም ድሃውን ከስሰን እንቀራለን። ስለዚህ አንድ ሐይቅ ወይም ወንዝ ጎደለ የሚል ወሬ ስንሰማ ቢያንስ አራት ነገር እንጠይቅ፦ ውሃው ከየት ይመጣል? ከመድረሱ በፊት ማን ማን ይቀዳዋል? የዘንድሮ ዝናብ ካለፉት ዓመታት ጋር ሲተያይ እንዴት ነው? በዙሪያው ያለው መሬትስ ከሃያ ዓመት በፊት ምን ነበር? ለመጀመሪያው ካርታ ይበቃል፤ ለሁለተኛው በወንዙ ዳር በእግር መሄድ ያስፈልጋል፤ ለሦስተኛው የሜትዎሮሎጂ መረጃ አለ፤ ለአራተኛው የአገሩን ሽማግሌዎች ማነጋገር ነው። አራቱም ከአንድ ተማሪ አቅም በላይ አይደሉም።