ዳቦ ቤቱ በእርግጥ ከስሯል?

ጥያቄ፦ በአንድ ሕንፃ ላይ ዳቦ ቤት፣ ካፌና የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለን። የወሩን ኪራይ 60,000 ብር በሽያጭ መጠን ስናካፍል፣ ከሽያጩ 60 በመቶ የሚያስገባው ዳቦ ቤት ይከስራል። የያዘው ቦታ ሩብ ያህል ነው። እንዝጋው?

መልስ፦ አይዝጉት። በላኩልኝ ሂሳብ መሠረት ዳቦ ቤቱ የዱቄቱን፣ የመብራቱንና የሠራተኞቹን ወጪ ሸፍኖ በወር 30,000 ብር ይተርፈዋል። በሽያጭ ሲሰላ 36,000 ብር ኪራይ ስለሚጫንበት የ6,000 ብር ኪሳራ ይታያል። ቤት የሚከራየው ግን በስፋቱ እንጂ በሚሸጠው ዳቦ ብዛት አይደለም። በያዘው ቦታ ከተሰላ ድርሻው 15,000 ብር ነው፤ ያን ያህል ደግሞ ያተርፋል። ቢዘጉት 30,000 ብሩ ይቀርብዎታል፣ ኪራዩ ግን ያው 60,000 ነው፤ ሙሉውን ካፌውና መደብሩ ይሸከሙታል። ቦታውን ከ30,000 ብር በላይ የሚከራይ ሰው ካገኙ ብቻ ነገሩ ይለወጣል።

ወጪውን የሚያመጣው ምን እንደሆነ ይፈልጉ፤ የሂሳብ አያያዝ ምሁራኑ ሮቢን ኩፐርና ሮበርት ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያስፋፉት የወጪ ስሌት መሠረቱ ይኸው ነው። ኪራይ በካሬ ሜትር፣ የሂሳብ ሠራተኛ ደመወዝ በሚመዘገበው ደረሰኝ ብዛት፣ የመኪና ወጪ በምልልስ ይካፈል። የጥበቃውን ደመወዝ እንደ ኪራዩ በስፋት ያካፍሉት፤ ብዙ አይጨነቁበት። መለኪያ የማይገኝለትን፣ ለምሳሌ የሥራ አስኪያጁን ደመወዝ፣ በግድ አያካፍሉ፤ ከሦስቱ ድምር ትርፍ ላይ ይቀንሱት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የዳቦ ቤቱ ኃላፊ በማያዝበት ወጪ መወቀሱ ነው። እባክዎ ሜትር ይዘው ቦታውን ይለኩና ሂሳቡን እንደገና አሠርተው ያሳዩት።