የዋግ ፍየል፣ የዕጣን ዛፍና የሕዝቡ ስምምነት

በሩቅ በረሃ የተሰማራ መንጋ በምን ዘዴ በልክ ይያዛል የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ዘወትር በምሳሌነት የምትጠቀሰው አውስትራልያ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ለጭነት የገቡላት ግመሎች መኪና ሲመጣ ተለቀው በረሃ ገቡ፤ ዱር ለዱርም ተባዙ። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 መንግሥትና ነባሩ ሕዝብ ተባብረው 160,000 ያህሉን አስወገዱ። ይህ ዘዴ ለዋግ ኽምራ ይበጃልን? አይበጅም እንላለን። የዚያ አገር ግመል ጌታ የለውም፤ የዋግ ፍየል ግን ጌታ አላት፤ ጌታዋም ብዙ ጊዜ ከእርሷ በቀር ሌላ ጥሪት የሌለው ድኻ ነው።

ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ የዝቋላ፣ የሰሃላና የአበርገሌ ቆላ ይገኛል። ዝናቡ አጭርና የማያስተማምን ስለሆነ፣ ማሽላው ሲከዳ ገበሬው የሚደገፈው በፍየሉ፣ በማሩና በዕጣኑ ነው። እህል ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ለሁሉም መንጋ ክፍት መሆኑ የቆየ ልማድ ነው። ይህን ልማድ እንደ ድንቁርና የሚቆጥሩ አሉ፤ እኛ ግን መሬት የሌለውም ሰው ፍየሉን የሚያበላበት ስለሆነ አንንቀውም። ዳሩ ግን ተዳፋቱም ጭምር ዓመቱን ሙሉ ሲጋጥ ችግኝ አያድግም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከተመረመሩት የዕጣን ዛፍ ደኖች ከ75 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ ለጋ ዛፍ እንደሌለ፣ የዕጣኑም ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምቷል። ጥፋቱ የመንጋ ብቻ አይደለም፤ እሳትም፣ ዛፉን ከመጠን በላይ መብጣትም አለበት።

እንግዲህ መፍትሔው መሬቱን መከለል ነው ይባላል። መልካም ነው። ነገር ግን ክልሉን የሚያስከብረው ዘበኛው ነው ወይስ የፍየሉ ባለቤት? በዚህ ረገድ ከመንዝ የምንማረው አለ። በጓሳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ሕዝቡ በመረጠው አባ ቄራ አማካይነት ጓሳው ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ባለርስቱ ሣሩን ያጭዳል፣ ከብቱን ያሰማራል። የዘጋው ሰው የሚከፈትበትን ቀን ስለሚያውቅ ታግሦ ይጠብቃል። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ርስትን ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ይሁን እንጂ ርስት ለሌለው ሰው ቄሮ ምንም እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። እርሱን እንዳለ ወደ ዋግ እንውሰደው ብንል ድኻውን ከደጅ ማስቀረት ይሆናል።

ከዚህም በላይ ሌላ ችግር አለ። በተከለለ መሬት ሣር እያጨዱ ማብላት ለበሬና ለላም ይሆናል፤ ፍየል ግን ቅጠል ቀንጣቢ ናት፤ ድርቆሽ ብትበላም ቅጠልን ታስበልጣለች። ስለዚህ ባለበሬው ከክልሉ ሲጠቀም፣ ፍየል ብቻ ያላት ሴት ግጦሿን ታጣለች። የምታጣው ግጦሽ ደግሞ የልጇ ወተት ነው። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የወጣው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱን ልብ ይሏል።

እንደኛ አስተያየት፣ የክልሉ ድርሻ በከብት ብዛት ሳይሆን በቤተሰብ ቁጥር ይደልደል። የሣር ድርሻዋ ለማይበጃት የንብ ቀፎ በክልሉ ውስጥ ይሰጣት፤ ንብ አበባ ብትቀስም ችግኝ አትጎዳምና። ለፍየሎቹም የተወሰነ ቁጥቋጦ ሳይከለል ይቆይላቸው፤ ይህ መሬት የትኛው እንደሆነ መምረጥ ያለባቸውም እረኞቹ ናቸው፤ እነርሱ ከማናችንም ይልቅ ያውቁታልና። የመቀጮውም ልክ አስቀድሞ በስብሰባ ይወሰን፤ ስብሰባውም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው በኽምጣኛ ይካሄድ፤ ደንቡን ያልሰማ ሰው ፈርሟል ተብሎ ሊቀጣ አይገባምና።