በፓይተን 2 የተጻፈ የተማሪዎች መዝገብ

ጥያቄ፦ የተማሪዎችን ስምና ውጤት የሚይዝ፣ በፓይተን 2 የተጻፈ ፕሮግራም ተረከብኩ። በፓይተን 3 አልሠራ አለ። ከባዶ ልጻፈው? (ከሞጣ)

መልስ፦ አይ፣ ከባዶ አይጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ከቀዳሚው ጋር አለመጣጣሙ ታስቦበት የተደረገ ነው፤ የፓይተን 2 ድጋፍም በ2020 መጀመሪያ አብቅቷል። የ«ፕሪንት» ቅንፍ መጉደልን የመሰለው ስህተት ራሱ ስለሚጮህ አያሳስብዎ።

እኔን የሚያሳስበኝ ድምፅ ሳያሰማ የሚለወጠው ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የፓይተን 2 ተራ ጽሑፍ የሚቆጥረው ባይት ስለሆነ «ቢቸና» 9፣ «ሞጣ» 6 ይሆናሉ፤ ፓይተን 3 ግን 3 እና 2 ይላል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ስሞችን በ30 ቆርጦ ከሆነ ያሰበው 10 ፊደል ነው፤ ቁጥሩን ያስተካክሉ። ፋይል ሲከፍቱም ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ ይጻፉ፤ በተለይ ዊንዶውስ ላይ ካልተነገረው አማርኛውን ሊያበላሽ ይችላል።

ማካፈሉን ደግሞ አደራ! 171 ለ2 ሲካፈል አሮጌው 85፣ አዲሱ 85.5 ይሰጣል፤ የተማሪ አማካይ ውጤት ነውና የትኛው እንደሚፈለግ ርዕሰ መምህሩን ይጠይቁ።

ምንም ከመንካትዎ በፊት አሮጌውን ፕሮግራም በመዝገቡ ቅጂ ላይ አሂደው ውጤቱን ያስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ መስመር በመስመር ያመሳክሩ።