በጀቱ በማን እጅ ይሁን?

ጥያቄ፦ በአገው ምድር በቆሰበር ከተማ የወጣቶች ክበብ አለን። የውጭ ድርጅት ቢያግዘን ከመካከላችን መሪዎች ይወጣሉ?

መልስ፦ ይወጣሉ፤ በስልጠና ብቻ ግን አይደለም። አበል ተከፍሎበት የሚሰጥ የአዳራሽ ስልጠና ብዙ ጊዜ ምስክር ወረቀት ብቻ ትቶ ያልፋል። መሪ የሚወጣው ገንዘብ ይዞ፣ ወስኖ፣ በጉባኤ ፊት ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ ከበጀቱ ጥቂቱን እንኳ ራሳችሁ እንድታስተዳድሩ ተደራደሩ። እህቶቻችሁም ገንዘብ ያዥና ሰብሳቢ ይሁኑ፤ ሻይ አቅራቢ ብቻ ሆነው አይቅሩ።

የውጭ ገንዘብ ደግሞ ይቋረጣል። የጤና ድርጅቱ አምሬፍ በየከተማው የመራው «ከፍታ» የወጣቶች ፕሮግራም ገንዘቡ ከአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ከዩኤስኤአይዲ ነበር፤ ዩኤስኤአይዲ በ2017 ዓ.ም. ተዘጋ። በአንጻሩ ደጃችሁ ያለው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ አለ። ሽማግሌዎቹን ጠይቋቸው፤ ያን ሁሉ ፈረሰኛ እንዴት እንደሚያስተባብሩ ያስረዷችኋል። ቃለ ጉባኤና የሒሳብ መዝገብም አሁኑኑ ጀምሩ፤ ለጋሹ ሲመጣ አስቀድሞ ማየት የሚፈልገው እነዚህን ነው።