የቀጭን ወገብ ዋጋ

ልብስ ከብርድና ከፀሐይ ይከላከላል፤ ገላን ይሸፍናል፤ ያስጌጣል። ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ልብስ ሌላም ነገር ይናገራል። ማን ሠራተኛ፣ ማን ተቀማጭ እንደሆነ ያሳያል። በዚህ ትምህርት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች ምን ይለብሱ እንደነበር፣ ልብሱን ማን ይሰፋው እንደነበርና በኋላ እንዴት እንደተለወጠ እንመለከታለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ኮርሴት ምንድን ነው?

ኮርሴት ከደረት እስከ ዳሌ የሚደርስ ጠንካራ የውስጥ ልብስ ነው። ከጀርባው በሁለት ረድፍ ቀዳዳዎች አሉት። በቀዳዳዎቹ ረጅም ገመድ ይገባና እንደ ጫማ ክር ተስቦ ይታሰራል። እኛ የምናውቀው መቀነት ጨርቅ ብቻ ስለሆነ ሰው ሲጎነበስ አብሮ ይጎነበሳል። ኮርሴት ግን በጨርቁ መካከል ቀጫጭን ዘንጎች ስለተሰፉበት እንደልብ አያጎነብስም።

ዘንጎቹ ከምን ይሠሩ ነበር? ብዙዎቹ ከዓሣ ነባሪ አፍ ነው የሚወጡት። አንዳንድ የዓሣ ነባሪ ዓይነቶች ጥርስ የላቸውም። በጥርስ ፈንታ ከላይኛው መንጋጋቸው የሚንጠለጠል፣ እንደ ጥፍር ያለ ጠንካራ ነገር አላቸው። ምግባቸውን ከባሕር ውሃ የሚያጠሉት በእሱ ነው። ይህ ነገር ሲሰነጠቅ የሚለመጥ፣ ግን በቀላሉ የማይሰበር ዘንግ ይወጣዋል። ለዚህና ለዘይቱ ሲባል ዓሣ ነባሪ ያለ ልክ ታደነ። እንስሳው እየተመናመነ፣ ዋጋውም እየተወደደ ሲሄድ ፋብሪካዎች በብረት ዘንግ ይተኩት ጀመር።

በ1820ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የገመዱ ቀዳዳዎች በብረት ቀለበት መከበብ ጀመሩ። ቀደም ሲል ቀዳዳው በክር ብቻ ስለሚዘመዘም፣ በኃይል ሲጎትቱት ይቀደድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ገመዱን እስከፈለጉት ድረስ መሳብ ተቻለ።

2. በሴቲቱ አካል ላይ ምን አደረሰ?

ገመዱ በጣም ሲጠብቅ የጎድን አጥንትን ይጫናል። ሳንባ እንደልቡ አይሰፋም፤ ጨጓራና አንጀትም ይጨመቃሉ። ሴቲቱ ደረጃ ስትወጣ ወይም ስትጨፍር ትንፋሽ ያጥራታል። ከልጅነት ጀምሮ ሲጠብቅ የጎድን አጥንቱ ቅርጽ ራሱ ይለወጣል።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ወገብ ለማቅጠን የጎድን አጥንት በቀዶ ጥገና ያስወጡ ነበር» ይላሉ። ይህ ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን ከጀርም የሚከላከልበትን ዘዴ ያሳወቀው በ1867 ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ሞትን መጥራት ነበር። ደግሞም ሁሉም ሴት እስኪያማት ድረስ አታጠብቅም ነበር። ብዙዎቹ ለቀቅ አድርገው ያስሩት ነበር። የቤት ሠራተኞችና የፋብሪካ ሴቶች ሳይቀሩ ለብሰውት ይሠሩ ነበር። ያለ ኮርሴት መውጣት እንደ ነውር ስለሚቆጠር ድሃዋም አትተወውም።

በ1856 ክሪኖሊን የሚባል የቀሚስ መወጠሪያ ወጣ። እንደ ተደፋ ቅርጫት ሆኖ፣ ከላይ ወደ ታች እየሰፉ በሚሄዱ የብረት ቀለበቶች የተሠራ ነው። ቀደም ሲል ቀሚሱ እንዲነፋ አምስት ስድስት የውስጥ ጉርድ ይደረብ ስለነበር፣ ክሪኖሊን ሸክሙን አቀለለ። ታዲያ ሌላ ጣጣ አመጣ። ቀሚሱ በጣም ሰፊ በመሆኑ ሴቲቱ ጫፉ የት እንደደረሰ አታይም፤ ሻማና ምድጃ ደግሞ በየቤቱ አለ። በዚያ ዘመን በቀሚሳቸው እሳት ተያይዞ የሞቱ ሴቶች ብዙ ናቸው። የታወቀው አሜሪካዊ ባለቅኔ የሎንግፌሎ ባለቤት ፋኒ በ1861 የሞተችው ቀሚሷ በእሳት ተያይዞ ነው።

3. ልብሱን ማን ይሰፋው ነበር?

የሀብታም ሴት በቀን ሦስት አራት ጊዜ ልብስ ትለውጣለች፤ የጠዋት፣ የሽርሽር፣ የራት፣ የጭፈራ። ኮርሴቱን የሚያስርላት አገልጋይ አላት። አለባበሷ ራሱ፣ «እኔ ሥራ አልሠራም» ይላል። ታዲያ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው?

በ1863 ሰኔ ወር ለንደን ውስጥ ሜሪ አን ዎክሊ የተባለች የ20 ዓመት ልብስ ሰፊ ሞተች። የምትሠራው ለመኳንንት ሴቶች ቀሚስ በሚያዘጋጅ ቤት ነበር። ከዴንማርክ ለመጣችው አዲስ ልዕልት ክብር በተዘጋጀ ጭፈራ ላይ የሚለበሱ ቀሚሶች በአስቸኳይ ተፈለጉ። የዘመኑ ጋዜጦች እንደጻፉት ዎክሊ ከ60 ልጃገረዶች ጋር 26 ሰዓት ተኩል ሳታቋርጥ ሰፋች። በአንድ ክፍል ውስጥ 30 ሆነው ነው የሚሠሩት፤ ለመተንፈሻ ከሚያስፈልገው አየር ሢሶው ብቻ ነበራቸው። ሌሊት በታፈነ ጠባብ ቦታ፣ በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት ሆነው ይተኛሉ። ዓርብ ዕለት ታመመች፤ እሑድ ሞተች። ካርል ማርክስ በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» በተባለው መጽሐፉ ታሪኳን መዝግቦታል።

እንግዲህ እናስተውል። የለባሿ ትንፋሽ በገመድ ታጠረ፤ የሰፊዋ ትንፋሽ ግን በታፈነ ክፍል ውስጥ ጨርሶ ቆመ።

በዚያው ዘመን የልብስ ስፌት መኪና ተፈልስፎ ነበር። አሜሪካዊው ኤሊያስ ሃው በ1846፣ ስሙን በየሰፊው ቤት የምናውቀው ሲንጀር ደግሞ በ1851 የፈጠራ መብት አገኙ። መኪናው ድካም ይቀንሳል ተብሎ ተጠበቀ። ግን ስፌት ሲፈጥን በቀሚሱ ላይ የሚጨመረው ሽንሽን፣ ዳንቴልና ዘርፍ በዛ። ብዙ ሰፊዎችም መኪናውን በየጊዜው በሚከፈል ዕዳ ገዝተው፣ በቁጥር እየተከፈላቸው ሌሊቱን ሙሉ ይሰፉ ነበር። መኪና ብቻውን ሰውን አያሳርፍም፤ የሥራው ሰዓትና የጉልበቱ ዋጋ አብሮ መስተካከል አለበት።

4. ልማዱ እንዴት ተለወጠ?

ሴቶቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1851 በአሜሪካ አሚሊያ ብሉመር የምትባል የጋዜጣ አዘጋጅ አጠር ያለ ቀሚስ ከሰፊ ሱሪ ጋር መልበስን በጋዜጣዋ ደገፈች። ጋዜጦች አላገጡባት፤ እንዲህ የለበሱትን ሴቶች ልጆች በመንገድ ላይ ይጮኹባቸው ነበር። ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተዉት። በ1881 ግን ለንደን ውስጥ ለጤና የሚስማማ አለባበስ ማኅበር ተቋቋመ። የሴት የውስጥ ልብስ ክብደት ከ3 ኪሎ ብዙም እንዳያልፍ ጠየቀ። ሦስት ኪሎ ብዙ ነው እንል ይሆናል፤ እንደ መሻሻል የተጠየቀው ይህ ከሆነ የቀድሞው ምን ያህል እንደከበደ መገመት ነው።

በ1890ዎቹ ብስክሌት ተስፋፋ። በጠበቀ ኮርሴትና በሰፊ ቀሚስ ብስክሌት መንዳት አስቸጋሪ ነው። በ1914 ሜሪ ፌልፕስ ጄከብ የተባለች አሜሪካዊት ለጡት መያዣ የፈጠራ መብት አገኘች። በዚያው ዓመት በተነሣው የዓለም ጦርነት ብዙ ሴቶች ፋብሪካ ገቡ። ሥራው መጎንበስንና መንቀሳቀስን ስለሚጠይቅ የድሮው ጠንካራ ኮርሴት እየቀረ ሄደ።

ይህን ታሪክ የምናነበው በእነዚያ ሴቶች ለመሳቅ አይደለም። ማማር የማይፈልግ ሰው የለም። ነገር ግን «ልማድ ነው» የሚባል ነገር ሁሉ ሰው ያመጣው ስለሆነ ሰው ሊለውጠው ይችላል። አዲስ ልብስ ስናይ፣ «ምን ያህል ያምራል?» ብለን ብቻ አንለፍ። «ለብሰነው መሥራትና መተንፈስ እንችላለን? የሰፋውስ ሰው የድካሙን ዋጋ አግኝቷል?» ብለን እንጠይቅ።

የቃላት ፍች

ክፍለ ዘመን፦ 100 ዓመት
ዓሣ ነባሪ፦ በባሕር የሚኖር፣ ልጁን የሚያጠባ ግዙፍ እንስሳ
የፈጠራ መብት፦ አዲስ ነገር ለፈለሰፈ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የባለቤትነት ማረጋገጫ

ጥያቄዎች

1. ኮርሴት ከመቀነት በምን ይለያል?
2. ድሃ ሴቶችስ ኮርሴት ያልተዉት ለምንድን ነው?
3. የስፌት መኪና መምጣት የሰፊዎቹን ድካም ለምን አላቃለለም?
4. በአካባቢያችሁ አካልን የሚጎዳ፣ ግን ለማማር ተብሎ የሚደረግ ነገር አለ? ተወያዩበት።